የወላይታ ቀይ አፈር ስንት ጊዜ ተጠቀሰ?

የአንድን ተመራማሪ ስም ጉግል ስኮላር ላይ ያስገባ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ቁጥር ነው፤ ሥራዎቹ በሌሎች ጽሑፎች ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሱ። ቁጥሩ ከበዛ እናደንቃለን፣ ካነሰ እናልፋለን። ማዕድንና ብረት ላይ ለሚሠራ የኢንኦርጋኒክ ኬሚስት ግን ይህ ሚዛን ብዙ ጊዜ ያጭበረብራል። ይህን ለማሳየት ከወላይታ ሶዶ የተሻለ ቦታ አላውቅም።

በዳሞታ ተራራ ዙሪያ ያለው ቀይ አፈር ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተገኘ ነው። ዝናቡ ለዘመናት ካልሲየሙንና ሶዲየሙን አጥቦ ሲወስድ፣ ሲሊከን፣ አሉሚኒየምና ብረት በብዛት ቀሩ፤ ቅላቱ የብረቱ ነው። እስከዚህ ድረስ ነገሩ የኬሚስቱ ነው። ይኸው አፈር በባዶ እግሩ የሚያርሰውን ገበሬ እግር ሲያሳብጥ ግን የሐኪም ጉዳይ ይሆናል። ትል የማያመጣው ይህ ዝሆኔ በሕክምና ስሙ ፖዶኮኒዮሲስ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት በወላይታ ስርጭቱ 5.46 በመቶ መሆኑን አሳይቷል።

ሁለቱን ጉዳዮች ያገናኙት እንግሊዛዊው ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1978 ከሄንደርሰን ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ፣ በባዶ እግራቸው የሚሄዱ ኢትዮጵያውያን የሊምፍ ዕጢ ውስጥ ምን ምን ንጥረ ነገር እንዳለ መረመሩ። ብሽሽት ላይ ሲያብጥ ንፍፊት የምንለው ዕጢ መሆኑ ነው። እዚያ ውስጥ የተገኙት ዓይን የማያያቸው ብናኞች በአመዛኙ ሲሊከንና አሉሚኒየም ነበሩ፤ ሰዎቹ ዕድሜ ልካቸውን የረገጡት አፈር ማለት ነው። ጥያቄው የኢንኦርጋኒክ ኬሚስትሪ፣ መጽሔቱ ግን የሕክምና።

እንዲህ ያለ ሥራ በምን ይለካል? ዩጂን ጋርፊልድ የሳይንስ ጥቅሶችን ማውጫ ማሳተም የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1964 ነው። በ2005 ደግሞ የፊዚክስ ሊቁ ኾርኸ ኸርሽ ኤች ኢንዴክስ የተባለውን መለኪያ አመጡ፤ መለኪያው 20 ከሆነ፣ ተመራማሪው እያንዳንዳቸው ቢያንስ 20 ጊዜ የተጠቀሱ 20 ጽሑፎች አሉት ማለት ነው። ሺህ ጊዜ የተጠቀሰ አንድ ጽሑፍ ብቻ ያለው ሰው ግን 1 ያገኛል! ለእኔ ይህ ትልቅ ነውር ነው። ደግሞም ጥቅስ የሚበዛው ሰው በበዛበት መስክ ነው። ዝሆኔ ገንዘብም ተመራማሪም ያጣ የድሃ በሽታ ስለነበር፣ የሚጠቅስ ሰው ከየት ይምጣ?

ሰው ሲመጣ ጥቅሱም መጣ። ተመራማሪዋ ጌይል ዴቪና ኢትዮጵያውያን ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 በሽታው የወላይታን ዞን በዓመት ከ16 ሚሊዮን ዶላር በላይ እንደሚያሳጣ አሰሉ። በ2012 ፋሲል ተኮላና ባልደረቦቹ፣ በአንድ አፈር ላይ እየኖሩ አንዱ ታሞ ሌላው የሚተርፍበትን የዘር ምክንያት በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜድስን አወጡ።

ስለዚህ የአንድን ኬሚስት ቁጥር ስታዩ፣ የጠቀሱትን ጽሑፎች ሁለት ሦስቱን ክፈቱ። አንዳንዱ በመግቢያው ላይ ስም ጠርቶ ያልፋል፤ ሌላው ልኬቱን ወስዶ ይሠራበታል፣ ወይም ይሞግተዋል። ማውጫው ሁለቱንም አንድ አንድ ብሎ ነው የሚቆጥረው። ሶዶ ላይ የዚህን በሽታ ታማሚዎች በሚረዳው ሞሲ ፉት ፕሮጀክት ላበጠ እግር በልኩ ጫማ የሰፋው ባለሙያ ደግሞ ከነጭራሹ አይቆጠርም፤ አፈሩን ከቆዳ የሚለየው ግን እሱ ነው።