በአንድ ድምፅ የተንጠለጠለ ምክር ቤት
የቨርጂኒያ ምርጫና ለነጋዴ ያለው ትርጕም

ነጋዴ በውጭ አገር ከሚገኝ ደንበኛው ጋር ውል ከመዋዋሉ በፊት የዕቃውን ዋጋ፣ የማጓጓዣውን ኪራይና የቀረጡን ልክ አጥብቆ ይመረምራል። ዕቃው የሚሸጥበትን አገር ሕግ የሚያወጣው ማን እንደ ሆነና ሕጉም በስንት ድምፅ ብልጫ እንደሚጸና መጠየቅ ግን እምብዛም አልተለመደም። ይህ ጥያቄ ከንግድ ሥራ ጋር ምን ያህል የተሳሰረ መሆኑን በግልጽ ከሚያስረዱት ምርጫዎች አንዱ በ2017 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በቨርጂኒያ ግዛት የተደረገው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምርጫ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳ።

ቨርጂኒያ ለኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች እንግዳ አገር አይደለችም። ከዋሽንግተን ከተማ የፖቶማክን ወንዝ እንደ ተሻገሩ በሚገኙት በአርሊንግተን፣ በአሌክሳንድሪያና በፌርፋክስ አካባቢዎች ብዙ ኢትዮጵያውያን ይኖራሉ፤ ምግብ ቤት፣ የቡና ቤትና የቅመማ ቅመም መደብር ከፍተው የሚሠሩትም ብዙዎች ናቸው። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቡናና የባህል ልብስ ወደዚያ የሚልክ ነጋዴ ሸቀጡ የሚቸረቸረው በዚህ ግዛት ሕግ ሥር ነው።

የምክር ቤቱ ሥልጣን

የቨርጂኒያ ሕግ አውጪ ጉባኤ ሪችመንድ በተባለችው ዋና ከተማ ይሰበሰባል። መሠረቱ በ1619 ዓ.ም. በጄምስታውን በተሰበሰበው የእንደራሴዎች ጉባኤ የተጣለ ሲሆን፣ ዛሬ ሁለት ምክር ቤቶች አሉት። የሕግ መወሰኛው 40፣ የሕግ መምሪያው ደግሞ 100 አባላት ይገኙበታል። የሕግ መምሪያው አባላት በየሁለት ዓመቱ ይመረጣሉ።

የገቢ ዕቃ ቀረጥ የሚወሰነው በዋሽንግተን ባለው በማዕከላዊው መንግሥት ነው። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ግዛቶች ያለ ማዕከላዊው ምክር ቤት ፈቃድ በገቢና በወጪ ዕቃ ላይ ቀረጥ እንዳይጥሉ ይከለክላል። ስለዚህ በሪችመንድ የሚደረግ ምርጫ የቀረጡን ልክ አይለውጠውም። ይሁን እንጂ ዕቃው ቀረጡ ተከፍሎበት መደብር ከገባ በኋላ የሚደርስበትን ነገር አብዛኛውን የሚወስነው የግዛቱ ሕግ ነው። የሽያጭ ታክስ፣ ዝቅተኛው የሠራተኛ ደመወዝና የመጠጥ መሸጫ ፈቃድ ሁሉ ከዚያ ይመነጫሉ። በ2013 ዓ.ም. ጉባኤው ለመንገድ ሥራ የሚሆን ገንዘብ ለማግኘት ባወጣው ሕግ የሽያጭ ታክሱ በግዛቱ በጠቅላላው 5.3 በመቶ ሲሆን፣ በሰሜን ቨርጂኒያና በሃምፕተን ሮድስ ወደብ አካባቢ ግን 6 በመቶ እንዲሆን ተወስኖአል። ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች በብዛት የሚገኙበትም ይኸው ሰሜናዊው ክፍል ነው።

66 ለ34 ከነበረው ወደ ሚዛን

በ2017 ዓ.ም. ምርጫ ዋዜማ የሪፑብሊካን ፓርቲ በሕግ መምሪያው ምክር ቤት 66 ወንበሮች ነበሩት፤ የዲሞክራት ፓርቲ 34 ብቻ ነበሩት። በአንድ ምርጫ ይህን የሚያህል ብልጫ ይጠፋል ብሎ የገመተ ጥቂት ነበር። ዳሩ ግን ኖቬምበር 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ሲቈጠር፣ ዲሞክራቱ ሚስተር ራልፍ ኖርተም ለአገረ ገዥነት በሰፊ ብልጫ ከመመረጣቸውም በላይ ፓርቲያቸው በምክር ቤቱ 15 ወንበሮችን ከሪፑብሊካኖች ወሰደ። ስለዚህም ሚዛኑ 51 ለ49 ሆነ። ከዚያ በኋላ ከሪፑብሊካኖች አንድ ወንበር ብቻ ቢያልፍ ምክር ቤቱ 50 ለ50 ይከፈል ነበር፤ አፈ ጉባኤውንና የኮሚቴ ሰብሳቢዎቹንም አንዱ ፓርቲ ብቻውን ሊመርጥ አይችልም ነበር።

ያ አንድ ወንበር በኒውፖርት ኒውስ ከተማ የሚገኘው፣ በዚያን ጊዜ አከፋፈል 94ኛ የተባለው የምርጫ ወረዳ ነበር። ከተማዋ በሃምፕተን ሮድስ ወሽመጥ ዳር የተቈረቈረች ስትሆን፣ በታላቅ የመርከብ መሥሪያዋና የድንጋይ ከሰል በሚጫንበት ወደቧ የታወቀች ናት። የተወዳደሩትም በወንበሩ ላይ የነበሩት ሪፑብሊካኑ ሚስተር ዴቪድ ያንሲና ዲሞክራቷ ሚስስ ሼሊ ሲሞንድስ ነበሩ።

ስርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት

በመጀመሪያው ቈጠራ ሚስተር ያንሲ በ10 ድምፅ በለጡ። የግዛቱ ሕግ በሁለቱ ተወዳዳሪዎች መካከል ያለው ልዩነት ከአንድ በመቶ የማይበልጥ ሲሆን ተሸናፊው ወገን ዳግመኛ ቈጠራ ለመጠየቅ እንዲችል ይፈቅዳል። ልዩነቱ ከግማሽ በመቶ የማይበልጥ ከሆነ ደግሞ ወጪውን ጠያቂው ሳይሆን መንግሥት ይከፍላል። ቈጠራውንም ሦስት ዳኞች የሚቀመጡበት ፍርድ ቤት ይቈጣጠራል። በዚሁ መሠረት ዲሴምበር 19 ቀን ወረቀቶቹ እንደገና ተቈጥረው ሚስስ ሲሞንድስ 11,608፣ ሚስተር ያንሲ 11,607 ድምፅ አገኙ። ወንበሩ በአንድ ድምፅ ከአንዱ ፓርቲ ወደ ሌላው የተሻገረ መሰለ።

በማግሥቱ ግን ዳኞቹ ውጤቱን ለማጽደቅ በተቀመጡበት ጊዜ ስለ አንዲት ወረቀት አቤቱታ ቀረበላቸው። ወረቀቷን የሞላው መራጭ ከሁለቱም ተወዳዳሪዎች ስም አጠገብ ያለውን ክብ አጥቍሮ፣ በሚስስ ሲሞንድስ በኩል ባለው ላይ ደግሞ አንድ ሰረዝ አስምሮበታል። ለሁለት ሰው የተሰጠ ድምፅ ነው ተብሎ በቈጠራው ቀን ሳትቈጠር ቀርታ ነበር። ዳኞቹ ወረቀቷን መርምረው መራጩ የሰረዘው የሚስስ ሲሞንድስን ምልክት ነው፣ አሳቡም ለሚስተር ያንሲ ለመስጠት ነበር ሲሉ ፈረዱ። በዚህም ፍርድ ሁለቱ እኩል 11,608 ድምፅ ሆኑ።

ስርዝ ድልዝ ያለበትን ደረሰኝ ወይም የባንክ ሰነድ ይዞ ገንዘብ ለመቀበል የሞከረ ነጋዴ ሁሉ የዚህን ጉዳይ አስቸጋሪነት ሳይነገረው ያውቀዋል። ሰነዱን የጻፈው ሰው ቀርቦ አሳቡን ሊያስረዳ ካልቻለ ፈራጁ የሚመለከተው በወረቀቱ ላይ ያለውን ምልክት ብቻ ነው። የድምፅ አሰጣጥ ምስጢር ስለ ሆነም ያ መራጭ ተጠርቶ ሊጠየቅ አልቻለም። ለሁለቱ ተወዳዳሪዎች ከተሰጡት 23,216 ድምፆች መካከል አንዲት በጥንቃቄ ያልተሞላች ወረቀት የመላውን ግዛት ምክር ቤት ሚዛን ያዘች።

ዕጣ

የቨርጂኒያ ሕግ ድምፅ እኩል በሚሆንበት ጊዜ አሸናፊው በዕጣ እንዲለይ ያዛል። ሚስስ ሲሞንድስ ፍርዱ እንደገና እንዲታይላቸው ጠይቀው ስለ ነበር የዕጣው ቀን ተላለፈ፤ ጥያቄያቸውም ተቀባይነት ሳያገኝ ቀረ። ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 ዓ.ም. የግዛቱ የምርጫ ቦርድ በሪችመንድ ተሰብስቦ የሁለቱ ስሞች በሁለት ወረቀት ላይ ተጻፉ። ወረቀቶቹም የፎቶግራፍ ፊልም በሚቀመጥባቸው ሁለት ትንንሽ ዕቃዎች ውስጥ ገብተው ከሸክላ በተሠራ ጐድጓዳ ሳህን ውስጥ ተደረጉ። የቦርዱ ሊቀ መንበር ሚስተር ጄምስ አልኮርን አንዱን አውጥተው ሲከፍቱ የሚስተር ያንሲ ስም ተነበበ።

ለዕቁብ ጠጪ ነጋዴ ይህ ሥርዓት የሚደንቅ አይሆንም። በዕቁብም ቢሆን ስሙ በወረቀት ተጽፎና ተጠቅልሎ ዳኛውና ጸሐፊው ባሉበት፣ አባላቱ ሁሉ እያዩ ዕጣው ይወጣል፤ የወጣለትንም የሚከራከረው የለም። ልዩነቱ ዕቁብ ለሁሉም በየተራው መድረሱ ነው። በምርጫ ዕጣ ያልወጣለት ወገን ግን ሁለት ዓመት መጠበቅ ይኖርበታል። ሆኖም በሁለቱም ዘንድ ዕጣውን የሚያስከብረው ነገር አንድ ነው፤ ደንቡ የተጻፈው ዕጣው ለማን እንደሚወጣ ማንም ከማወቁ በፊት ነው።

ጃንዋሪ 10 ቀን ጉባኤው ሲከፈት ሚስተር ያንሲ በወንበራቸው ተቀመጡ። ሚስስ ሲሞንድስም በዚያው ቀን ክርክሩን ትተው ሽንፈታቸውን ተቀበሉ። ሪፑብሊካኑ ሚስተር ኪርክ ኮክስ አፈ ጉባኤ ሆነው ተመረጡ።

የብልጫው ልክ የሚያመጣው ለውጥ

ምክር ቤቱ በዚያው ፓርቲ እጅ ስለ ቀረ ሕጉም እንደ ቀድሞው ይቀጥላል ብሎ የገመተ ሰው ቢኖር ተሳስቷል። ሪፑብሊካኖች 66 ወንበር በነበራቸው ዘመን፣ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የሚሰጠው ሜዲኬድ የተባለው የመንግሥት የሕክምና መድን እንዲሰፋ የቀረበውን አሳብ ምክር ቤቱ ለብዙ ዓመታት አልቀበልም ብሎ ቈይቶ ነበር። በ2018 ዓ.ም. ግን ብልጫው ወደ ሁለት ወንበር ሲወርድ ከሪፑብሊካኖች መካከል ብዙዎች አሳባቸውን ለወጡ። ሜይ 30 ቀን ጉዳዩ በሕግ መወሰኛው 23 ለ17፣ በሕግ መምሪያው 67 ለ31 አለፈ። ከጃንዋሪ 1 ቀን 2019 ዓ.ም. ጀምሮም በሥራ ላይ ዋለ፤ ወደ 400,000 የሚሆኑ ሰዎች ተጠቃሚ እንዲሆኑ ታስቦ ነበር። በአነስተኛ መደብርና በምግብ ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ፣ አሠሪያቸውም መድን ሊገዛላቸው አቅም የማይፈቅድለት ብዙ ሠራተኞች ከእነዚህ ይቈጠራሉ።

በ2019 ዓ.ም. በተደረገው ምርጫ በፍርድ ቤት ትእዛዝ የአንዳንድ ወረዳዎች ወሰን ተለውጦ ነበር፤ ሚስስ ሲሞንድስና ሚስተር ያንሲ እንደገና ተወዳድረው ሚስስ ሲሞንድስ አሸነፉ። ዲሞክራቶች በሕግ መምሪያው 55 ለ45፣ በሕግ መወሰኛው 21 ለ19 ሆነው ሁለቱንም ምክር ቤቶች ያዙ። በሚቀጥለው ዓመት የወጣው ሕግ በእያንዳንዱ ነጋዴ መዝገብ ላይ የታየ ነው። እስከዚያ ድረስ ቨርጂኒያ የምትከተለው የማዕከላዊውን መንግሥት ዝቅተኛ ደመወዝ፣ ማለት በሰዓት 7.25 ዶላር ነበር። በአዲሱ ሕግ ከሜይ 1 ቀን 2021 ዓ.ም. ጀምሮ 9.50፣ በ2022 ዓ.ም. መጀመሪያ 11፣ በ2023 ዓ.ም. መጀመሪያ ደግሞ 12 ዶላር ሆነ። ይኸውም በሃያ ወር ጊዜ ውስጥ ከ65 በመቶ በላይ የጨመረ ማለት ነው።

ከዚያም ወዲህ ሚዛኑ አልረጋም። በ2021 ዓ.ም. ሪፑብሊካኖች ምክር ቤቱን 52 ለ48 መለሱት፤ በ2023 ዓ.ም. ዲሞክራቶች 51 ለ49 ሆነው እንደገና ወሰዱት።

ነጋዴው ምን ሊያስብበት ይገባል

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ለላኪውም፣ ለአስመጪውም፣ ለባለ መደብሩም የሚሆን ነው። አንደኛ፣ ማን አሸነፈ ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ በስንት አሸነፈ ብሎ መጠየቅም ያስፈልጋል። በ66 ወንበር የቆመ ምክር ቤት ሳይነቃነቅ የሚያልፈውን አሳብ፣ በ51 ወንበር የቆመው ሊደራደርበት ይገደዳል። ስለዚህ ለአምስት ወይም ለዐሥር ዓመት ሱቅ የሚከራይ፣ ወይም የረዥም ጊዜ የማቅረብ ውል የሚፈርም ሰው፣ የምክር ቤቱ ብልጫ ጠባብ በሆነበት ግዛት የታክሱና የደመወዙ ልክ በውሉ ዘመን ሊለወጥ እንደሚችል አስቦ ሒሳቡን ቢሠራና ውሉም ይህን የሚመለከት አንቀጽ እንዲኖረው ቢያደርግ ከድንገተኛ ኪሳራ ይድናል።

ሁለተኛ፣ ለንግድ ከሁሉ የከፋው ነገር ማን ሕግ እንደሚያወጣ ያልታወቀበት ጊዜ መርዘሙ ነው። በኒውፖርት ኒውስ ነገሩ በዕጣ እስከ መወሰን ቢደርስም፣ ከምርጫው ቀን እስከ ጉባኤው መክፈቻ ሁለት ወር ከጥቂት ቀን ብቻ ነበር። በዚያም ጊዜ ውስጥ ማን እንደሚቈጥር፣ ማን እንደሚፈርድና ድምፅ እኩል ቢሆን ምን እንደሚደረግ በሕግ የተጻፈ ስለ ነበር መደብሮች እንደ ተከፈቱ፣ ወደቡም ሥራውን እንደ ቀጠለ ቈየ። ማኅበር የሚያቋቁሙ ነጋዴዎችም በመተዳደሪያ ደንባቸው ውስጥ ድምፅ እኩል ቢሆን ነገሩ በምን እንዲለይ ከመጀመሪያው ቢጽፉ ብዙ ክርክር ይቀርላቸዋል፤ ጠቡ ከተነሣ በኋላ የሚጻፍ ደንብ አንደኛው ወገን እንደ ተንኰል ሊቈጥረው ይችላልና።

ሦስተኛ፣ በዚያ አገር ዜግነት ያገኘ ባለ መደብር ሥራ በዝቶብኝ ነው ብሎ ከድምፅ መስጫው ቢቀር፣ የቀረው ድምፅ ስንት እንደሚመዝን አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልም። በ94ኛው ወረዳ ከሁለቱም ወገን ምርጫው ቀን ከቤቱ ሳይወጣ ከቀረ ደጋፊ አንዱ ብቻ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ዕጣም ባላስፈለገ ነበር።