የትውውቅ ፕሮፋይል እርማት፦ ተረትና እውነታ

ፕሮፋይል አንድ ሰው በትውውቅ መተግበሪያ ላይ ስለ ራሱ የሚያሰፍረው አጭር መግለጫ ሲሆን፣ ከፎቶግራፍ፣ ከዕድሜና ከመኖሪያ መረጃ ጋር ተዳምሮ ለማያውቀው አንባቢ የመጀመሪያ ግምት መነሻ ይሆናል። የመቐለ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ በሚገኝባት በዓዲ ሓቂ፣ ትግርኛ፣ አማርኛና እንግሊዝኛ በአንድ ስልክ ላይ እየተፈራረቁ ስለሚጻፉ፣ እርማትን የሚመለከቱ የተሳሳቱ እምነቶች በዚያ ልዩ ክብደት አላቸው።

ተረት፦ ፎቶው ካማረ የጽሑፍ ግድፈትን ልብ የሚል የለም።
እውነታ፦ በኔዘርላንድስ የቲልበርግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2020 ባሳተሙት ጥናት፣ ግድፈቱን ያላስተዋሉ አንባቢዎች ቢኖሩም፣ ያስተዋሉት ግን የጽሑፉን ባለቤት ማራኪነት ዝቅ አድርገው ገምተዋል።

ተረት፦ «ሀ» እና «ሐ»፣ «አ» እና «ዐ» ቢቀያየሩ ለውጥ የለውም።
እውነታ፦ በዛሬው አማርኛ እነዚህ ሞክሼ ፊደላት፣ ማለትም በመልክ ተለያይተው በድምፅ አንድ የሆኑት፣ ቢቀያየሩ ንባቡ አይለወጥም። በትግርኛ ግን እያንዳንዱ የራሱ ድምፅ ስላለው፣ አማርኛ የለመደ እጅ በግዴለሽነት የጻፈው ቃል ሌላ ቃል ሊሆን ወይም ትርጉም ሊያጣ ስለሚችል፣ የትግርኛውን ጽሑፍ ትግርኛ አፉን የፈታበት ሰው ቢያነበው ይመረጣል።

ተረት፦ ዕድሜ ቁጥር ስለሆነ እርማት አያሻውም።
እውነታ፦ መተግበሪያዎቹ በአብዛኛው የሚያሰሉት በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ሲሆን፣ ይህም ከኢትዮጵያው በ7 ወይም በ8 ዓመት ይቀድማል። ስለዚህ በ1990 ዓ.ም. የተወለደ ሰው የልደት ዘመኑን ሳይለውጥ «1990» ብሎ ቢያስገባ፣ ከእውነተኛ ዕድሜው 7 ወይም 8 ዓመት ጨምሮ ይታያል፤ ፍለጋውም ከእኩዮቹ ውጭ ይወድቃል።

ተረት፦ በእንግሊዝኛ ተጽፎ በማሽን ቢተረጎም ያምራል።
እውነታ፦ የጉግል ትርጉም አማርኛን እ.ኤ.አ. በ2016፣ ትግርኛን በ2022 ጨምሯል። ይሁን እንጂ እንግሊዝኛ ወንድና ሴትን፣ አንድና ብዙን ሳይለይ በአንድ ተውላጠ ስም የሚጠራውን አንባቢ፣ ሁለቱ ቋንቋዎች በግስ ቅርጽ ጭምር ስለሚለዩት፣ ለሴት የታሰበው ዓረፍተ ነገር ለወንድ እንደተነገረ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ግሶቹን አንድ በአንድ ማየት የባለቤቱ ሥራ ነው።

ተረት፦ አንድ ጊዜ የታረመ ፕሮፋይል ዳግም አይነካም።
እውነታ፦ በትግራይ በጦርነቱ ምክንያት በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት የተቋረጠው የኢንተርኔት አገልግሎት ደረጃ በደረጃ የተመለሰው ከጥቅምት 2015 ዓ.ም. የፕሪቶሪያ የሰላም ስምምነት በኋላ በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት የተከፈተ ፕሮፋይል ፎቶው፣ ሥራውና አድራሻው ያለፈበት ሊሆን ይችላል። ቋንቋው ንጹሕ ቢሆንም መረጃው ያረጀ ጽሑፍ ታርሟል አይባልም።

ተረት፦ ማሳመር መዋሸት ነው።
እውነታ፦ በኒው ዮርክ 80 የትውውቅ ድረ ገጽ ተጠቃሚዎችን ለክቶ እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ ጥናት፣ ከ10 ሰዎች 8ቱ ያህል በቁመት፣ በክብደት ወይም በዕድሜ ላይ ቢያንስ አንድ የተዛባ መረጃ እንደሰጡ፣ ልዩነቱ ግን ብዙውን ጊዜ ትንሽ እንደነበረ አሳይቷል። እርማት ከዚህ በተቃራኒ ይሄዳል፤ ዓላማው ባለቤቱን ከሆነው በላይ ማስመሰል ሳይሆን፣ በስህተት የተነሳ ከሆነው በታች ወይም ሌላ ሰው መስሎ እንዳይታይ መጠበቅ ነው። በመሆኑም ባለቤቱ ጽሑፉን ከመለጠፉ በፊት የሚያነብለት ወዳጅ፣ «ያምራል ወይ?» ከሚለው ይልቅ «ይህ እኔን ይመስላል ወይ?» የሚለውን ጥያቄ ቢመልስለት ይበልጥ ይጠቅመዋል።