ሸቀጥ ይለወጣል፣ አማና ግን አይለወጥም

ምስጋና ለአላህ (ሱ.ወ) የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

የዛሬው ርእሳችን በደሴና በኮምቦልቻ የሚኖር ነጋዴ ቤተሰብ ሁሉ የቀመሰው ጉዳይ ነው። ችግር በድንገት መጥቶ ገበያው ሲገለበጥ ነጋዴ ሥራውን እንዴት ፈጥኖ ያስተካክል? በዚህ ጥድፊያ ውስጥስ እንዳይነካ ሸሪዓችን የሚያዘው ምንድን ነው?

አንዳንድ ወንድሞችና እህቶች ከአባት የወረሱትን ንግድ ትተው ወደ ሌላ መዞራቸው ተወኩልን ያጎድልባቸው እንደሆነ ይጠይቁናል። መልሱን ከሰሐቦች ሕይወት እናገኛለን። ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) ከመካ ወደ መዲና ሲሰደዱ ሀብታቸውን ትተው ነበር የመጡት። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከአንሷሩ ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) ጋር ወንድማማች አደረጓቸው። ሰዕድም የንብረታቸውን ግማሽ ሊያካፍሏቸው ፈቀዱ። ዐብዱረሕማን ግን ዱዓ አድርገውላቸው የጠየቁት የገበያውን መንገድ ብቻ ነበር። በበኒ ቀይኑቃዕ ገበያ በደረቅ አይብና በቅቤ ጀመሩ፤ ብዙም ሳይቆዩ ራሳቸውን ችለው ትዳር መሠረቱ። የቀድሞ ንግዳቸው እስኪመለስ እጃቸውን አጣጥፈው አልጠበቁም። ተወኩል ማለት ሰበቡን አድርሶ ውጤቱን ለአላህ መተው ነው።

በእኛ አካባቢ ሁለት ፈተናዎች ተከታትለው ደርሰዋል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም የኮሮና በሽታ በአገራችን ተገኘ። በዚያው ወር መጨረሻ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ፤ ትራንስፖርት ተገደበ፤ በዚያ ዓመት ረመዷን ተራዊሕን በየቤታችን ሰገድን። ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ። በ2013 ክረምት ከሰሜን ወሎ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ወደ ደሴ ጎረፉ። ከጥቅምት 2014 ሁለተኛ አጋማሽ እስከ ኅዳር መጨረሻ ድረስ ሁለቱም ከተሞች በሕወሓት ኃይሎች ሥር ቆዩ። መብራት፣ ስልክና ባንክ ተቋረጠ። ሱቆችና መጋዘኖች፣ የኮምቦልቻ ፋብሪካዎችም ጭምር ተዘረፉ። ሸሽቶ የነበረ ብዙ ነጋዴ ሲመለስ የጠበቀው ባዶ መደርደሪያ ነበር።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንማር?

አንደኛው ቆጠራ ነው። ችግሩ በደረሰ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሦስት ነገር በወረቀት ይስፈር፦ በእጃችን ያለው፣ ሰው ዘንድ ያለን፣ የሰው ያለብን። በእጃችን ያለው ሲባል ገንዘብና ዕቃ ብቻ ሳይሆን መሣሪያና ሙያም ይቆጠራል። የዱቤ ደብተር ሱቅ ውስጥ ብቻ ከተቀመጠ ከሱቁ ጋር ይጠፋል፤ ስለዚህ ቅጂው ቤት ይኑር፤ የትዳር ጓደኛና ለአቅመ አዳም የደረሱ ልጆችም ይወቁት። ገንዘብ ሁሉ ባንክ ከሆነ ባንክ ሲዘጋ የዱቄት መግዣ እንኳ ይታጣል፤ ሁሉ ቤት ከሆነ ደግሞ ለዘራፊ ይጋለጣል። ከፋፍሎ መያዝ ይሻላል።

ሁለተኛው የገዢውን ኪስ ማየት ነው። አማርትያ ሴን የተባሉ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1981 (እ.ኤ.አ) ባሳተሙት ጥናት በ1965 እና 1966 ዓ.ም የወሎ ረሃብ ወቅት በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ያን ያህል እንዳልናረ አሳይተዋል። ገበሬውና አርብቶ አደሩ የተራበው ሰብሉና ከብቱ ጠፍቶ፣ የተረፈውም ከብት ዋጋው ወድቆ መግዣ በማጣቱ ነበር። ለነጋዴ ትልቅ ትምህርት ነው። በችግር ጊዜ ሰው የሚያስፈልገው ነገር አይቀንስም፤ የሚከፍለው ግን ይቀንሳል። በሊትር ይሸጥ የነበረው ዘይት በሩብ ሊትር፣ በኩንታል ይሸጥ የነበረው ዱቄት በኪሎ መሸጥ ይኖርበታል። የቅንጦት ዕቃ ሲቆም ሳሙና፣ ጨው፣ ሻማና ክብሪት ይፈለጋል።

ሦስተኛው ባለን መሣሪያ መዞር ነው። በኮሮና ጊዜ በአገራችን የኢንዱስትሪ ፓርኮች ያሉ አንዳንድ የልብስ ፋብሪካዎች የፊት መሸፈኛ ወደ መስፋት ዞረዋል። አንድ መኪና ያለው ልብስ ሰፊም ይህን ማድረግ ይችላል። ሠርግ ሲቆም መኪናው አልቆመም፤ የሚሰፋው ነው የተለወጠው። ምግብ ቤት ያለው እንጀራና ዳቦ ለየቤቱ ማቅረብ ይችላል። አዲስ መሣሪያ ለመግዛት ከመበደር በፊት ያለውን መፈተሽ፣ ያውም በትንሹ ሞክሮ ማየት ይቀድማል።

አራተኛው መነሻ ገንዘብ ነው። ያጣ ሰው ወደ ሪባ እንዲሮጥ ሸይጧን ይገፋፋዋል። ሙዳረባ ግን ክፍት በር ነው፦ አንዱ ገንዘብ፣ ሌላው ጉልበትና ሙያ ያወጣል። 60,000 ብር ወጥቶ 12,000 ብር ቢተረፍና ውላቸው እኩሌታ ቢሆን ለእያንዳንዳቸው 6,000 ብር ይደርሳል። ሠራተኛው ሳያጠፋ ኪሳራ ቢመጣ የገንዘቡ ጉድለት የባለገንዘቡ ነው፤ ሠራተኛውም ድካሙን ይከስራል። «በየወሩ ይህን ያህል ብር ቁርጥ ስጠኝ» ማለት ግን አይፈቀድም። ከቤተሰብ ቀርድ ሐሰን መበደርም አለ። በ2013 ዓ.ም ዘምዘም ባንክ፣ ሙሉ በሙሉ ከወለድ ነፃ ሆኖ በመጀመሪያነት፣ ሥራ ከጀመረ ወዲህ በባንክም በኩል መንገዱ ሰፍቷል። ውል ሁሉ ይጻፍ፤ ምስክርም ይኑረው።

ውድ አድማጮቻችን፣ እስካሁን ያነሳነው ሁሉ የሚለወጥ ነገር ነው። የማይለወጠው አማና ነው።

መንገድ ተዘግቶ የጭነት ዋጋ ሲጨምር ያንን በሐቅ ደምሮ መሸጥ አይነወርም። ሰው የሚበላውን ቆልፎ ዋጋው እስኪሰቀል መጠበቅ ግን ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ኃጢአት መሆኑን የነገሩን ኢሕቲካር ነው። ሚዛን መቀሸብም እንዲሁ።

በዘረፋ ወቅት ዋጋው ከልክ በላይ የወረደ ዕቃ ሲቀርብልን የማን እንደሆነ እንጠይቅ። የተዘረፈ መሆኑን እያወቁ መግዛት በወንጀሉ መተባበር ነው። ዕቃው ሦስት እጅ ቢዞርም የባለቤቱ ሐቅ አይቀርም። በማያውቀው ሰው የተዘረፈን ጎረቤታችንን፣ እኛ ዕቃውን በመደርደሪያችን ደርድረን ዳግም አንዝረፈው።

ዕዳ ያለበት ደግሞ ስልኩን አይዝጋ። ሄዶ የደረሰበትን ይንገር፤ መዝገቡን ያሳይ፤ በትንሽ በትንሹም ቢሆን ይጀምር። አበዳሪውም በሱረቱል በቀራ የታዘዝነውን ያስታውስ፦ የተቸገረ ባለዕዳ እስኪቃናለት ይጠበቃል፤ ምሕረት ማድረግ ደግሞ ይበልጣል። የተዘረፈ ነጋዴ እንደገና የሚቆመው ጅምላ ሻጩ «ውሰድ፣ ሽጠህ ትከፍላለህ» ሲለው ነው። ይህን ቃል የሚያገኘው በደጉ ጊዜ የታመነ፣ በክፉውም ያልሸሸ ሰው ነው። ዘራፊ መጋዘን ይሰብራል፤ ይህን እምነት ግን ባለቤቱ ራሱ ካልጣለው በቀር ማንም አይወስድበትም።

አላህ (ሱ.ወ) ለአገራችን ሰላሙን፣ ለገበያችን በረካውን፣ ንብረታቸውን ላጡ ወገኖቻችን የተሻለ ምትክ ይስጥልን። አሚን። ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።