ሙሉ ሰውነት ወይስ ክፍል በክፍል? የጡንቻ ግንባታ ሳምንታዊ ስሌት

በጣና ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ በምትገኘው ጎርጎራ የሚኖር አንድ ተማሪ ሰውነቱን መገንባት ፈለገ እንበል። ያለው መሣሪያ፣ በብዙ የአገራችን ከተሞች እንደሚታየው፣ ሁለት ቆርቆሮ ሲሚንቶ በብረት ቧንቧ አያይዞ የሠራው ክብደትና አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ነው። የሚከተለው ግን የውጭ አገር ሻምፒዮን ፕሮግራም ነው፤ ሰኞ ደረት፣ ማክሰኞ ጀርባ፣ ረቡዕ ጭን እያለ ይቀጥላል። ይህ ፕሮግራም ይስማማዋልን?

ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መዘዙ ቀላል አይደለም። ለወራት ደክሞ ለውጥ ያላየ ወጣት በገዛ ሰውነቱ ተስፋ ይቆርጣል፤ ቀጥሎም እንክብል ወይም መርፌ ሊያምረው ይችላል። ስለዚህ ጉዳዩን ከመሠረቱ እንመልከት።

ጡንቻ የሚያድገው መቼ ነው?

ክብደት ማንሳት ለጡንቻ የግንባታ ትእዛዝ ነው፤ ግንባታው የሚካሄደው ከልምምዱ በኋላ ነው። የካናዳው ማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት ጥናት፣ የፕሮቲን ግንባታው ፍጥነት ከከባድ ልምምድ 4 ሰዓት በኋላ በ50 በመቶ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ በ109 በመቶ ከፍ ብሎ ይገኛል፤ በ36ኛው ሰዓት ግን ወደ ነበረበት ተቃርቧል። እንግዲህ ደረቱን ሰኞ ብቻ የሚሠራ ሰው ከረቡዕ በኋላ እስከሚቀጥለው ሰኞ አዲስ ትእዛዝ አይሰጠውም ማለት ነው።

ሆርሞን የሚወስድ ሰው ግን በሌላ ሕግ ይተዳደራል። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ የአሜሪካ ጥናት፣ ለ10 ሳምንታት ከፍተኛ መጠን ያለው ቴስቶስትሮን እየተወጉ ምንም ክብደት ያላነሡ ወንዶች፣ ያለ መድኃኒት ክብደት ካነሡት የበለጠ ከስብ ነጻ የሆነ የሰውነት ክብደት ጨምረዋል። መድኃኒቱ የሰውነትን የራሱን ሆርሞን ምርት ያዳክማል፤ ልብንም ይጎዳል። ስለሆነም መድኃኒት የሚወስድ ሻምፒዮን ፕሮግራም ለተፈጥሯዊው ስፖርተኛ ማስረጃ ሊሆን አይችልም።

ቁጥሩ ምን ይላል?

ሳናርፍ ተከታትለን የምንሠራውን ድግግሞሽ «ዙር» እንበለው። ብራድ ሾንፌልድና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2019 የ25 ጥናቶችን ውጤት አዋሕደው ሲመረምሩ፣ የሳምንቱ ጠቅላላ ዙር እኩል እስከሆነ ድረስ ልምምዱ በስንት ቀን መከፋፈሉ በጡንቻ እድገት ላይ ጉልህ ልዩነት እንደማያመጣ ደርሰውበታል። ታዲያ ምርጫው በምን ይወሰን? በተማሪው ሳምንት ነው።

ተማሪያችን ለደረቱ በሳምንት 9 ዙር መደበ እንበል። ክፍል በክፍል ከሠራ 9ኙም በአንድ ቀን ይውላሉ፤ በሙሉ ሰውነት ስልት ግን በ3 ቀን፣ ሦስት ሦስት ይሆናሉ። ፈተና፣ ለቅሶ ወይም ዝናብ ከ4 የልምምድ ቀናት አንዱን ያስቀርበታል ብንል፣ በሁለቱም ስልቶች አማካዩ 6.75 ዙር ነው። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። በመጀመሪያው ስልት ደረቱ ሳይሠራ የሚያልፈው ሳምንት ከ4 አንድ ሲሆን፣ በሁለተኛው ከ64 አንድ ብቻ ነው። ሙሉ ሰውነት መሥራት ለሚቆራረጥ ኑሮ እንደ መድን ነው።

ይሁንና ይህም ወሰን አለው። ስድስት የጡንቻ ክፍሎችን ሦስት ሦስት ዙር መሥራት 18 ዙር ነው፤ ለአንዱ ዙር ከነእረፍቱ 3 ደቂቃ ብንሰጥ 54 ደቂቃ ይወስዳል። ዓመታት የሠራና ለያንዳንዱ ክፍል 18 ሳምንታዊ ዙር የሚያስፈልገው ሰው ግን በየቀኑ 108 ደቂቃ ያስፈልገዋል። ለእንዲህ ያለው ሰው የላይኛውንና የታችኛውን አካል ለይቶ በሳምንት 4 ቀን መሥራት ይሻላል።

ለጎርጎራው ተማሪ

በውጭ አገር የተለመደው ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ነው። ረቡዕና ዓርብ ለሚጾም ሰው ግን ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ይመቻሉ፤ በመካከላቸውም አንድ አንድ የእረፍት ቀን አለ። በረጅም ጾም ወራት ምስርና ሽሮ የፕሮቲን ምንጭ ናቸው፤ ሲፈታ ደግሞ የጣና ዓሣ አለ።

ክብደትን ቀስ በቀስ መጨመር ግድ ነው። የሲሚንቶው ክብደት አይለወጥም፤ ጀሪካኑ ግን ይለወጣል። 1 ሊትር ውኃ 1 ኪሎ ግራም ነውና፣ በ10 ሊትር ጀምሮ 12 ጊዜ ማንሳት ሲቀልለው 1 ሊትር ይጨምር። ሃያው ሊትር ሲሞላ ደግሞ ድግግሞሹን ያብዛ። በየቀኑ የሠራውን በደብተሩ ይመዝግብ፤ ከሦስት ወር በኋላ ፕሮግራሙ እንደሚስማማው የሚነግረው ያ ደብተር ነው።