የማይጣላ ጓደኛ፦ ታዳጊዎች፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት እና የዕርቅ ክህሎት

መግቢያ

ሁሩታ በስንዴና በገብስ ማሳዎች የተከበበች፣ የአርሲዋ ሎዴ ሄጦሳ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በአገራችን የወረዳ ከተሞች እንደተለመደው፣ ከገጠር ቀበሌ ለሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የሚመጡ ታዳጊዎች ለሁለትና ለሦስት ሆነው ክፍል ይከራያሉ፤ ስንቃቸውንም በየሳምንቱ መጨረሻ ከቤተሰብ ያመጣሉ። ከወላጆቹ ርቆ የሚኖር የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ሲከፋው ምሽቱን የሚያወራው ከማን ጋር ነው? ቀድሞ መልሱ አብሮት የሚያድረው ጓደኛው ነበር። ዛሬ ስልክ በእጁ የገባ ልጅ ሌላ አማራጭ አለው፤ በማንኛውም ሰዓት የሚመልስለት፣ የማይቆጣና የማይሰለች ተናጋሪ ማሽን።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ አዲስ ተናጋሪ ለታዳጊዎች የሰው ለሰው ግንኙነት ምን እንደሚያጎድል ማስረዳትና ጉድለቱን ለመሙላት በአርሲ ምድር ያለውን ሀብት ማመልከት ነው። ዋናው ሐሳብ አንድ ነው፤ ጽኑ ወዳጅነት የሚገነባው ጠብ ባለመኖሩ ሳይሆን ከጠብ በኋላ በሚመጣው ዕርቅ ነው፤ ከማይጣላ ጓደኛ ደግሞ ዕርቅን መማር አይቻልም።

ብቸኝነት የማን ችግር ነው?

ብቸኝነት የበለጸጉ አገሮች በሽታ ነው የሚል አስተያየት በሰፊው ይሰማል። የዓለም ጤና ድርጅት የማኅበራዊ ትስስር ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2025 ያወጣው ሪፖርት ግን ተቃራኒውን ያሳያል። በሪፖርቱ መሠረት በዓለም ላይ ከስድስት ሰዎች አንዱ በብቸኝነት ስሜት ይጠቃል፤ ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 29 ከሆኑት መካከል ከ17 እስከ 21 በመቶ የሚሆኑት ብቸኝነት እንደሚሰማቸው ገልጸዋል፤ ከፍተኛው መጠን የታየውም በታዳጊዎች ዘንድ ነው። ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች መጠኑ 24 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ ከፍተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች 11 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ በሰው መካከል መኖርና ወዳጅ ማግኘት አንድ አይደሉም።

በዚህ ክፍተት ማሽኑ እየገባ ነው። ኮመን ሴንስ ሚዲያ የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 በአሜሪካ ከ13 እስከ 17 ዓመት ባሉ ታዳጊዎች ላይ ባካሄደው ጥናት፣ 72 በመቶዎቹ ለጓደኝነት የተሠሩ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ተናጋሪዎችን ቢያንስ አንድ ጊዜ ሞክረዋል። ከተጠቃሚዎቹም ከአራት አንድ በላይ የሚሆኑት ከማሽኑ ጋር የሚያደርጉት ጭውውት ከጓደኞቻቸው ጋር ከሚያደርጉት የማይተናነስ ወይም የሚበልጥ እርካታ እንደሚሰጣቸው ተናግረዋል። የአርሲ ታዳጊ ሁኔታ ከአሜሪካው ይለያል፤ ነገር ግን ስልኩና በውስጡ ያለው ማሽን በአሠራሩ ተመሳሳይ ነው።

ማሽኑ ለምን አይጣላም?

ሰዎች ለማሽን ልባቸውን መስጠት የጀመሩት ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ጆሴፍ ዋይዘንባውም ኤላይዛ የተባለችውን ፕሮግራም ይፋ አደረገ። ኤላይዛ የተናጋሪውን ዓረፍተ ነገር ወደ ጥያቄ ለውጣ ከመመለስ ያለፈ ብዙ ችሎታ አልነበራትም። ሆኖም ሥራው ሲሠራ ያየችው የዋይዘንባውም ጸሐፊ እንኳ ከኤላይዛ ጋር ብቻዋን ለመነጋገር ፈልጋ ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠይቃዋለች።

የዛሬዎቹ ማሽኖች ከኤላይዛ እጅግ የረቀቁ ናቸው። በሥልጠናቸው ወቅት ሰዎች የተለያዩ መልሶችን እያነጻጸሩ የተሻለውን ይመርጣሉ፤ ማሽኑም የሚመረጠውን ዓይነት መልስ መስጠትን ይማራል። ሰው ደግሞ በተፈጥሮው ከሚቃወመው ይልቅ የሚስማማውን መምረጥ ይቀናዋል። በዚህም ምክንያት ማሽኑ ወደ ማሞገስ ሊያዘነብል ይችላል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2025 የቻትጂፒቲ ባለቤት የሆነው ኦፕንኤአይ አንድ ማሻሻያውን ከልክ በላይ አሞጋሽ ሆኖ በመገኘቱ ከአገልግሎት አውጥቶታል። እንግዲህ የማሽኑ ታጋሽነት እንደ ሰው ትዕግሥት ራስን በመግዛት የተገኘ አይደለም፤ የሚጎዳ ስሜትም፣ የሚያልቅ ጊዜም የለውም።

ከጠብ በኋላ ያለው ትምህርት

አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ኤድዋርድ ትሮኒክ እናቶችና ሕፃናት ፊት ለፊት ሲጫወቱ ባደረገው ምልከታ፣ ጤናማ ግንኙነት ያላቸውም እንኳ አብዛኛውን ጊዜ እንደማይጣጣሙ አሳይቷል። እናት ስትስቅ ሕፃኑ ፊቱን ያዞራል፤ ሕፃኑ ሲፈልጋት እርሷ ሌላ ታያለች። መተማመንን የሚያሳድገው ከዚያ በኋላ ተመልሶ መገናኘቱ ነው። ግኝቱ ከሕፃናት የተገኘ ቢሆንም ለጉርምስናም ብርሃን ይሰጣል፤ ምክንያቱም በዚህ ዕድሜ የመተማመን ማዕከል ከወላጅ ወደ እኩያ ይሸጋገራልና።

ወደ ተከራዮቹ ክፍል እንመለስ። ውኃ የመቅዳት ተራውን የዘለለ፣ የጋራ ስንቅ ብቻውን የበላ፣ በአደራ የተነገረውን ምሥጢር ያወጣ ልጅ አብሮ አዳሪውን ያስቀይማል። ሁለቱ ግን በዚያው ክፍል ማደር አለባቸው። ስለዚህ ዝምታውን መስበር፣ ጥፋትን ማመን፣ ይቅርታ መጠየቅና የተጠየቀውን መቀበል ይማራሉ። ቅያሜው በተነሣ ቁጥር አንዱ ወደ ስልኩ ዞሮ «ትክክል ነህ» የሚል ድምፅ ካገኘ ግን ይህ ትምህርት ይቀርበታል። አደጋው ከማሽኑ ጋር በማውራቱ ብቻ አይደለም፤ ከጓደኛው ጋር ሊያደርገው የሚገባውን ከባድ ንግግር በዚያ መተካቱ ነው።

የአርሲ የዕርቅ ሀብት

በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ዕርቅ ሥርዓት ያለው ዕውቀት ነው። በጃርሱማ የአገር ሽማግሌዎች ሁለቱንም ወገን በየተራ ሰምተው፣ ጥፋተኛው ጥፋቱን እንዲያምን አድርገው፣ ነገሩን በምርቃት ይቋጫሉ። ሲንቄ ደግሞ እናት ለልጇ በሠርጓ ጊዜ የምትሰጣት የክብር በትር ናት፤ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው በተጣሉ ወገኖች መካከል ሲቆሙ ጠቡ እንዲቆም ባህሉ ያዛል። ሲንቄ የምትገኝበት የገዳ ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2016 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል። በእነዚህ ሥርዓቶች ጠብ የሁለት ሰዎች ምሥጢር ሆኖ አይቀርም፤ በመካከል የሚቆም ሦስተኛ ሰው አለ።

አብሮ መልፋትም ሌላው ሀብት ነው። ከአሰላ በስተደቡብ ከምትገኘው በቆጂ ደራርቱ ቱሉን፣ ፋጡማ ሮባን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን የመሳሰሉ ሯጮች ወጥተዋል። በዚያ የሚሠለጥኑ ታዳጊዎች በቡድን ይሮጣሉ፤ አንዱ ቀድሞ ፍጥነቱን ይጠብቃል፣ ሌላው ይከተላል፤ የቀረም መቅረቱ ይታወቃል። ደቦም እንዲሁ ነው። ታዳጊ ለሌላው እንደሚያስፈልግ የሚገባው ሲጠበቅ ነው።

ምን ይደረግ?

ስልክን መከልከል ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። ኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. የሰው ሠራሽ አስተውሎት ፖሊሲ አጽድቃለች፤ በዚያው ዓመትም ወጣቶችን በዲጂታል ሙያ የሚያሠለጥነው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ተጀምሯል። ታዳጊው ከመሣሪያው ጋር መኖሩ አይቀርም።

በቤት ውስጥ ወላጅ ልጁ ከጓደኛው ሲጣላ ቸኩሎ ከመፍረድ ይልቅ «ምን ብለህ ልታናግረው አሰብህ?» ብሎ መጠየቅ ይችላል። በቡና ሰዓት ስልክ ከተቀመጠ ልጁ የትልልቆችን የቅሬታና የይቅርታ አነጋገር ይሰማል። ክፍል ተከራይቶ ለሚማር ልጅ ደግሞ የአከራዮቹ ቡና ይህን ሊተካ ይችላል።

በትምህርት ቤት ክበባትና ሚኒ ሚዲያ ለእያንዳንዱ ተማሪ በሌሎች የሚጠበቅ ኃላፊነት መስጠት አለባቸው። የተማሪዎች ፓርላማም ከጃርሱማ ሥርዓት ተምሮ፣ ሁለቱን በየተራ የሚሰሙ እኩያ አስታራቂዎችን ማሠልጠን ይችላል።

ለታዳጊው ራሱ አንድ ቀላል መመሪያ ይበቃል፤ ማሽኑን ለመለማመጃ እንጂ ለመደበቂያ አለማድረግ። ይቅርታ የሚጠይቅበትን ቃል ከማሽኑ ጋር ቢያዘጋጅ ነውር የለውም፤ ቃሉ ግን ለተቀየመው ሰው ፊት ለፊት መድረስ አለበት።

አንድ ጥንቃቄ መታከል ይገባዋል። ዕርቅ ለቅያሜ እንጂ ለጥቃት መሸፋፈኛ አይደለም። የተደበደበች ወይም የተደፈረች ልጅ ከአጥቂዋ ጋር ታረቂ ልትባል አይገባም፤ ሕግና ሕክምና ያስፈልጓታል። ራሱን ለመጉዳት የሚያስብ ልጅም ለማሽን የነገረውን ለሚያምነው ጎልማሳ መንገር የሚችልበት በር ሊከፈትለት ይገባል።

ማጠቃለያ

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ለታዳጊው መልስ፣ መረጃና ለጊዜው መጽናኛ ሊሰጠው ይችላል። ይቅርታ ሊያደርግለት ግን አይችልም፤ አልተቀየመምና። ስለዚህ የወላጅ፣ የመምህርና የሽማግሌ ድርሻ ታዳጊውን ከጠብ ሁሉ መከለል አይደለም፤ ተጣልቶ የሚመለስበትን መንገድ ማሳየትና ሲመለስም የሚቀበለው ሰው እንዲኖር ማድረግ ነው።