ፈንጣጣን ያጠፉ እጆች

የሕክምና ታሪክ በአብዛኛው የሊቃውንት ታሪክ ሆኖ ይተረካል፤ ከግሪኩ ሂፖክራተስ ተነሥቶ፣ በሮማው ጋሌንና በፋርሱ ኢብን ሲና በኩል አልፎ፣ እስከ ፈረንሳዊው ፓስተርና ከእርሱም በኋላ እስከ መጡት ተመራማሪዎች ይዘልቃል። ይሁን እንጂ የሰውን ልጅ ካሠቃዩት ደዌዎች መካከል እስከ ዛሬ ከምድረ ገጽ ፈጽሞ የጠፋው ብቸኛው በሽታ ፈንጣጣ ሲሆን፣ የዚህን በሽታ አጠፋፍ ከሥሩ የመረመረ ሰው ከሊቃውንቱ ቀድሞ የሚያገኛቸው ስማቸው ያልተመዘገበ እናቶችን፣ ባሮችን፣ ደብተራዎችንና ላም አላቢዎችን ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በተለይ ካልተገለጸ በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፈንጣጣ ቫሪዮላ በተባለ ቫይረስ የሚመጣ፣ ሰዎች ፊት ለፊት ሲቀራረቡ በትንፋሽ የሚተላለፍ በሽታ ነበር። ቫይረሱ ወደ ሰውነት ከገባ በኋላ ሰውየው ሁለት ሳምንት ያህል ምንም ሳይሰማው ይቆይና በድንገት ኃይለኛ ትኩሳት፣ ራስ ምታትና የወገብ ሕመም ይጥለዋል፤ ከሁለት ወይም ከሦስት ቀን በኋላም ሽፍታ ይወጣበታል። ሽፍታው ከደረትና ከሆድ ይልቅ በፊት፣ በክንድና በእግር ላይ ይበዛል፤ በመጀመሪያ ውሃ ይቋጥራል፣ ቀጥሎ መግል ይይዛል፣ በመጨረሻም ደርቆ ቅርፊቱ ይወድቃል። ብርቱው የበሽታው ዓይነት ከያዛቸው ሦስት ሰዎች አንዱን ያህል ይገድል የነበረ ሲሆን፣ ቀላሉ ዓይነት ግን የሚገድለው ከመቶ አንዱን ያህል ብቻ ነበር። ከሞት የተረፈውም ቢሆን ፊቱ ተበሳስቶ ይቀራል፤ ዓይኑን የሚያጣም ጥቂት አልነበረም። ሆኖም በዚህ ሁሉ መከራ ውስጥ ለመድኃኒቱ መንገድ የከፈቱ ሁለት ነገሮች ነበሩ፤ አንደኛው፣ አንድ ጊዜ ፈንጣጣ ይዞት የዳነ ሰው ዳግመኛ የማይያዝ መሆኑ፣ ሁለተኛው ደግሞ ቫይረሱ በእንስሳት ውስጥ የማይኖር፣ ከሰው ውጪ መጠጊያ የሌለው መሆኑ ነው።

የበሽታው ዕድሜ እጅግ ረጅም ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1145 ዓመት ገደማ የሞተው የግብፁ ፈርዖን ራምሴስ 5ኛ ሬሳው ሳይፈርስ ደርቆ እስከ ዛሬ የቆየ ሲሆን፣ በፊቱና በአንገቱ ቆዳ ላይ የፈንጣጣን ሽፍታ የሚመስል ምልክት ይታያል። ለብዙ ዘመናት ፈንጣጣና ኩፍኝ እንደ አንድ በሽታ ሲታዩ ኖረው፣ ሁለቱን በግልጽ ለይቶ የጻፈው በ10ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ በፋርስና በባግዳድ ያከም የነበረው አር-ራዚ ነው። አር-ራዚ የበሽታውን ምክንያት ሲያስረዳ የልጅ ደም እንደ ወይን ጭማቂ ፈልቶና ብስል ሆኖ እስኪረጋ ድረስ ፈንጣጣን ያወጣል የሚል ግምት ነበረው። ግምቱ ስሕተት ቢሆንም ምልክቶቹን ያስተዋለበትና የመዘገበበት ጥንቃቄ ግን ሥራውን ለዘመናት መመሪያ አድርጎታል፤ ምክንያቱን ሳያውቁ ምልክቱን በትክክል መለየት ራሱን የቻለ ታላቅ የሕክምና ሥራ ነውና።

የመከላከያው ሐሳብ የመነጨው ግን ከመጻሕፍት አልነበረም። የዳነ ሰው ዳግመኛ አይያዝም ከሚለው የሕዝብ ዕውቀት በመነሣት፣ በልዩ ልዩ አገር የሚኖሩ ሰዎች ቀላል ሕመም ከያዘው ሰው ቁስል መግል ወይም ቅርፊት ወስደው ጤነኛውን ሰው ሆን ብለው ማስያዝ ጀመሩ። በቻይና የደረቀው ቅርፊት ተፈጭቶ በአፍንጫ ይነፋ ነበር፤ በሌሎች አገሮች መግሉ በተጫረ ቆዳ ውስጥ ይደረግ ነበር። ቫይረሱ በትንፋሽ ሳይሆን በቆዳ ሲገባ ሰውነት የመከላከል ኃይሉን ለማደራጀት ጊዜ ስለሚያገኝ ሕመሙ ብዙውን ጊዜ ይቀላል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በሱዳን በስናር ያየውን ሲጽፍ፣ እናቶች ይህን ሥራ «ፈንጣጣን መግዛት» ይሉት እንደነበር ይገልጻል፤ እናት ፈንጣጣ ወደወጣበት ልጅ ቤት ሄዳ በሕመምተኛው ክንድ ላይ የጥጥ መቀነት ታስርና ከልጁ እናት ጋር ስንት ፍሬ እንደምትገዛ ትከራከራለች፤ ዋጋው ሲቆረጥ መቀነቱን ወስዳ በራሷ ልጅ ክንድ ላይ ታስረዋለች።

አውሮፓና አሜሪካ ይህን ጥበብ የተማሩት ከሌሎች ነው። በኢስታንቡል የእንግሊዝ አምባሳደር ሚስት የነበረችውና ራሷም በፈንጣጣ ፊቷ የተጎዳባት ሜሪ ዎርትሊ ሞንታጉ፣ የአገሬው ሴቶች ሲሠሩት አይታ ወንድ ልጇን በ1718 አስከተበች፤ በ1721 ደግሞ ሴት ልጇን በለንደን አስከተበች። በዚያው በ1721 ቦስተን በወረርሽኝ ስትመታ፣ ኦኒሲመስ የተባለ አፍሪካዊ ባሪያ በአገሩ ሳለ ስለተደረገለት ክትባት ለጌታው ለካህኑ ኮተን ማዘር ቀደም ብሎ ነግሮት ስለነበር፣ ዛብዲኤል ቦይልስተን የተባለ ሐኪም ምክሩን ሰምቶ ከ240 በላይ ሰዎችን ከተበ። ከእነዚህ የሞቱት 6 ብቻ ሲሆኑ፣ በወረርሽኙ ከተያዙት ከ5,000 በላይ ሰዎች ግን ከ800 የሚበልጡት አልቀዋል። አንድ ባሪያ የተናገረው ቃል በቁጥር ተመዝኖ እውነትነቱ የተረጋገጠበት ይህ ክንውን በሕክምና ታሪክ ውስጥ ከሚገባው በታች ሲነገር መኖሩ ያሳዝናል።

ኢትዮጵያም ከዚህ ታሪክ ውጪ አልነበረችም። ብሩስ በ1770 ጎንደር ሲደርስ በእቴጌ ምንትዋብ የቁስቋም ግቢ ፈንጣጣ ገብቶ የመኳንንቱ ልጆች ታመው ነበር፤ እርሱም በሮችንና መስኮቶችን አስከፍቶ፣ ክፍሎቹን በዕጣንና በከርቤ አሳጥኖ፣ በሞቀ ውሃና በሆምጣጤ አሳጥቦ ሕሙማኑን ማስታመሙን ጽፏል። በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ለበርካታ ዓመታት በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊው ናትናኤል ፒርስ ደግሞ ሕዝቡ ራሱ የሚያደርገውን ክትባት መዝግቧል፤ መግሉ ብዙ ሽፍታ ከወጣበት ሰው ይወሰዳል፣ ደብተራው በተከታቢው ክንድ ላይ በምላጭ ትንሽ የመስቀል ምልክት ይበጣል፣ መግሉን በበጣው ውስጥ አድርጎ በጨርቅ ያስራል። «ከተበ» የሚለው ግሥ ጻፈ ማለት መሆኑን፣ «ክታብ»ም ከዚሁ ሥር መውጣቱን ላሰበ አንባቢ፣ የጽሕፈት ሰው የሆነው ደብተራ በቆዳ ላይ የሚያደርገው ይህ ምልክት ከቃሉ ጋር እጅግ የሚስማማ ሆኖ ይታየዋል።

መግሉን መክተብ ግን ትልቅ ጉድለት ነበረው። የተከተበው ሰው የሚያዘው በእውነተኛው ፈንጣጣ ስለሆነ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ይሞት ነበር፤ ከዚህም የከፋው፣ ተከታቢው በሽታውን ላልተከተበ ጎረቤቱ ማስተላለፉ ነበር። ይህን ጉድለት የሞላው ዕውቀት የመጣውም እንደገና ከገጠር ነው። በእንግሊዝ ገጠር ላም የሚያልቡ ሴቶች ከላም ጡት በሚተላለፍ ቀላል የከብት ፈንጣጣ እጃቸው ከቆሰለ በኋላ የሰው ፈንጣጣ እንደማይዛቸው ይነገር ነበር፤ የገጠር ሐኪም የነበረው ኤድዋርድ ጄነርም ይህን ወሬ በፈተና ለማረጋገጥ ተነሣ። በግንቦት 14 ቀን 1796 ሳራ ኔልምስ ከተባለች ላም አላቢ እጅ ፈሳሽ ወስዶ ጄምስ ፊፕስ የተባለን የ8 ዓመት ልጅ ከተበ፤ ከሳምንታት በኋላ እውነተኛውን የፈንጣጣ መግል ሲከትበው ልጁ አልታመመም። ዛሬ እንዲህ ያለ ሙከራ በልጅ ላይ ማድረግ በየትኛውም የሕክምና ሥነ ምግባር አይፈቀድም፤ ውጤቱ ግን የማይካድ ነበር። ጄነር ግኝቱን በ1798 አሳተመ፤ «ቫክሲን» የሚለው የአውሮፓውያን ቃልም ላም ማለት ከሆነው ከላቲኑ «ቫካ» የወጣ ነው። ጄነር ስለ ቫይረስ ምንም የሚያውቀው አልነበረም፤ ቫይረሶች መኖራቸው የታወቀው ከእርሱ ግኝት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ነውና።

የላሙን ክትባት ወደ ሩቅ አገር ማድረስ ሌላ ፈተና ነበር፤ ማቀዝቀዣ በሌለበት ዘመን ፈሳሹ በመንገድ ይበላሽ ነበር። የስፔን መንግሥት በ1803 ሐኪሙን ፍራንሲስኮ ባልሚስን ወደ አሜሪካ ቅኝ ግዛቶቹ ሲልክ 22 ወላጅ አልባ ልጆች በመርከብ አሳፈረለት፤ የአንዱ ልጅ ክንድ ሲያብጥ ከእርሱ ተወስዶ ሌላው ይከተባል፣ እንዲህ ከክንድ ወደ ክንድ እየተሸጋገረ ክትባቱ ውቅያኖስን ተሻገረ። የክትባቱ መጋዘን የእነዚህ ሕፃናት ቆዳ ነበር ማለት ነው። ይህ ችግር በሚገባ የተፈታው በ20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ፣ ሙቀት የሚችል የደረቀ ክትባት ሲሠራ ነው፤ በ1960ዎቹ ደግሞ ጫፉ እንደ ሹካ ለሁለት የተከፈለ መርፌ ወጣ፤ በሁለቱ ጫፎች መካከል አንድ ጠብታ ክትባት ይይዛል፣ ከታቢውም የተከታቢውን ክንድ ደጋግሞ ወጋ ወጋ ያደርገዋል። አጠቃቀሙን ማንም ሰው በአጭር ጊዜ ሊማረው ይችል ነበር።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1967 የተጠናከረ ዘመቻ ሲጀምር በሽታው በየዓመቱ ከ10 እስከ 15 ሚሊዮን ሰዎችን ይይዝ እንደነበር ይገመታል። ሁሉን ሰው ከመክተብ ይልቅ ሕመምተኛውን ፈልጎ ማግኘትና በዙሪያው ያሉትን ሰዎች ፈጥኖ መክተብ እንደሚበልጥ በናይጄሪያ የሠራው ዊልያም ፌጊ በተግባር አሳየ። ቫይረሱ ከሰው ውጪ መጠጊያ ስለሌለው፣ የሚሸጋገርበት ያልተከተበ ሰው በአካባቢው ካጣ ዘሩ ያልቃል።

ይህ ስልት ከሁሉ በላይ የተፈተነው በኢትዮጵያ ነበር። ዘመቻው በ1971 ሲጀመር በዚያው ዓመት ብቻ ከ26,000 በላይ ሕሙማን ተመዘገቡ። እጅግ ብዙው ሕዝብ ከመኪና መንገድ ርቆ ስለሚኖር ሠራተኞቹ በእግርና በበቅሎ ይጓዙ፣ በኋላም በሄሊኮፕተር ይንቀሳቀሱ ነበር፤ በአመፅና በጦርነት ምክንያት የታገቱም ነበሩ። በአገሪቱ የተስፋፋው ቀላሉ የፈንጣጣ ዓይነት መሆኑም ራሱን የቻለ መሰናክል ሆነ፤ ሕመምተኛው አልጋ ላይ ሳይውል ገበያና ለቅሶ እየሄደ በሽታውን ያዳርሰዋል፣ ቤተሰቡም ብዙ አይፈራውም። በጎጃምና በሌሎች ደጋማ አካባቢዎች ደግሞ ክትባቱ ብርቱ ተቃውሞ ገጠመው፤ ሕዝቡ ከአያት ከቅድመ አያት የወረሰው የራሱ የመግል ክትባት ነበረውና። ይህን ተቃውሞ ድንቁርና ብሎ ማለፍ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል፤ ሌላው ዓለም ከሁለት መቶ ዓመት በፊት ታላቅ ግኝት ብሎ የተቀበለውን ጥበብ በእጁ የያዘ ገበሬ፣ ከማያውቀው ሰው የመጣን መርፌ ከመቀበሉ በፊት መጠራጠሩ የሚጠበቅ ነበር። ሠራተኞቹ የሕመምተኛ ሕፃን ሥዕል ያለበት ካርድ ይዘው በየገበያውና በየትምህርት ቤቱ «እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?» እያሉ ሲጠይቁ፣ ፈንጣጣን ጠንቅቆ የሚያውቀው ይኸው ሕዝብ መንገድ መሪ ሆናቸው።

በደጋው በሽታው ከጠፋ በኋላ የቀረው በደቡብ ምሥራቅ ቆላ የሚዘዋወረው አርብቶ አደር ዘንድ ነበር። በኢትዮጵያ የመጨረሻዋ ሕመምተኛ በነሐሴ ወር 1976 ዲሞ በተባለች መንደር የተገኘች የ3 ዓመት ሕፃን ናት። ይሁን እንጂ ቫይረሱ ከአርብቶ አደሮቹ ጋር ድንበር ተሻግሮ ሶማሊያ ገብቶ ስለነበር ፍለጋው በዚያ ቀጠለ፤ በጥቅምት 1977 መርካ በተባለችው የባሕር ዳርቻ ከተማ የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ የነበረው አሊ ማው ማአሊን ሁለት የታመሙ ልጆችን ለያዘች መኪና መንገድ ለማሳየት ለጥቂት ደቂቃ አብሮ ተሳፍሮ ተያዘ፤ መርፌው ያማል ብሎ ፈርቶ ሳይከተብ ቀርቶ ነበር። ማአሊን ዳነ፤ ከእርሱ በኋላ በተፈጥሮ መንገድ ፈንጣጣ የያዘው ሰው በዓለም አልተገኘም፤ የዓለም ጤና ጉባኤም በግንቦት 8 ቀን 1980 በሽታው መጥፋቱን አወጀ። ማአሊን በኋለኛው ዘመኑ በሶማሊያ የፖሊዮ ክትባት ዘመቻ ገብቶ፣ ልጆቻቸውን ማስከተብ ለሚፈሩ ወላጆች የራሱን ታሪክ እየነገረ ሠራ። በ2013 ፖሊዮ ወደ ሶማሊያ ሲመለስ እንደገና ለዘመቻው ወጥቶ ሳለ ወባ ይዞት ሞተ።