ቁጥሩን የሚመርጠው ነጋዴ፣ ሂሳቡን የሚከፍለው ደዋይ

በገራዶ መጋዘን የሚከፍት ነጋዴ ታፔላ ሲያጽፍ ከድርጅቱ ስም ቀጥሎ የሚያሰፍረው የስልክ ቁጥሩን ነው። አብዛኛው ሰው የሚጨነቀው ቁጥሩ ለማስታወስ እንዲቀል ነው። ይሁንና ቁጥር ሲመረጥ የጥሪው ሂሳብ ከማን ኪስ እንደሚወጣም አብሮ ይወሰናል።

በአገራችን ለጥሪ የሚከፍለው ደዋዩ ነው፤ ተቀባዩ አይከፍልም። በመሆኑም ተራ የሞባይል ወይም የመደበኛ ስልክ ቁጥር ያስተዋወቀ ነጋዴ ወጪውን ለደንበኛው አሸክሟል። ኢትዮ ቴሌኮም በነሐሴ 2010 ዓ.ም. የሞባይል ጥሪን ከ83 ሳንቲም ወደ 50 ሳንቲም በደቂቃ ሲያወርድ፣ ለአሥር ደቂቃ የዋጋ ድርድር ይወጣ የነበረው 8 ብር ከ30 ሳንቲም 5 ብር ሆኖ ነበር። ዋጋው ከዚያ ወዲህም ተለዋውጧል፤ ከፋዩ ግን ያው ደዋዩ ነው።

መክፈል ያልፈለገ ደዋይ ደግሞ መላ አያጣም። አንዴ አስጠርቶ ይዘጋል። እህል የጫነ ገበሬ ሚስኮል ሲያደርግ ነጋዴው መልሶ ካልደወለ ጭነቱ ወደ ሌላ መጋዘን ያመራል። ስለዚህ ነጋዴው የጥሪ ወጪን ከሥራ ማስኬጃው ጋር አብሮ ቢያስብ ይሻለዋል።

መደበኛ ወይስ ሞባይል?

የደሴና የኮምቦልቻ መደበኛ ስልክ መለያ 033 ነው። ቀጥሎ 111 ወይም 112 ካለ ደሴ፣ 551 ካለ ኮምቦልቻ መሆኑ ይታወቃል። ይህን ያየ የአዲስ አበባ አስመጪ ድርጅቱ ቋሚ አድራሻ እንዳለው ይገምታል። ጉድለቱ ነጋዴው ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ ሲወርድ ስልኩ ባዶ ቢሮ ውስጥ መጮሁ ነው።

ሞባይል ባለቤቱን ይከተላል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በ07 ገበያ ከገባ በኋላ ግን 09 ብቻውን አይደለም። የደዋዩ የጥሪ ጥቅል ወደ ሌላው ኩባንያ የማይሠራ ከሆነ ጥሪው ተጨማሪ ወጪ ያመጣበታል። የሁለቱንም ቁጥር በታፔላ ላይ ማስፈር የሚጠቅመው ለዚህ ነው።

አጭር ቁጥር

ትልልቅ ድርጅቶች አጭር ቁጥር ይይዛሉ፤ የንግድ ባንክ 951 ለዚህ ምሳሌ ነው። አጭር ሁሉ ግን ነፃ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. ለገበሬዎች ምክር የተከፈተው 8028 ደዋዩን አያስከፍልም፤ ሂሳቡን የቻለው አገልግሎቱን ያቀረበው ወገን ነው። በአንጻሩ ለዕጣና ለመዝናኛ በሚላኩ መልእክቶች ላኪው ከተራው ዋጋ በላይ ይከፍላል፤ ገቢውንም ቴሌና አገልግሎት አቅራቢው ይካፈሉታል። አጭር ቁጥር ያስተዋወቀ ድርጅት ነፃ መሆን አለመሆኑን አብሮ ካልጻፈ ደንበኛው ይጠራጠራል፤ የተጠራጠረም አይደውልም።

ቁጥሩ የማን ነው?

አሃዙ የሚደጋገምና የሚያምር ቁጥር ከተራው በላይ ያስወጣል። ከማማሩ በፊት ግን በማን ስም እንደተመዘገበ መታየት አለበት። በሠራተኛ ወይም በደላላ ስም የወጣ ሲም ካርድ፣ ሰውየው ሲለይ ደንበኞቹን ይዞ ይሄዳል። ለረጅም ጊዜ ሳይሠራበት የቆየ ቁጥርም ተዘግቶ ለሌላ ሊሸጥ ይችላል፤ ያኔ የቀድሞው ደንበኛ ሲደውል የሚያነሳለት ሌላ ሰው ነው።

ቁጥር መለወጥ ምን እንደሚያስከትል ነባሮቹ ነጋዴዎች ያውቁታል። በመስከረም 1998 ዓ.ም. የአገሪቱ ስልክ ቁጥሮች በሙሉ ሲቀየሩ የደሴ መለያ ከ03 ወደ 033 ተዛወረ፤ ባለ ስድስት አሃዙ የመደበኛ ስልክ ቁጥርም ሰባት ሆነ። በታፔላ፣ በማኅተምና በደረሰኝ ላይ የሰፈረው ሁሉ አብሮ አረጀ።

ያኔ ለውጡ የሁሉም ስለነበር ደንበኛው አዲሱን ቁጥር የሚያገኝበት ሥርዓት ነበረው። አንድ ነጋዴ ብቻውን ቁጥሩን ሲያጣ ግን የሚያስታውቅለት የለም። ስለዚህ ታፔላው ከመጻፉ በፊት ቁጥሩን በድርጅቱ ስም ማስመዝገብ ይቀድማል።